በሩ ወዴት ይዙር?

ከባሕር ማዶ የመጡት በጎ ፈቃደኞች የቤት መሥሪያውን ቦታ ሊቆፍሩ ሲደርሱ፣ አንዲት አሮጊት መሀሉ ላይ በርጩማቸውን አኑረው ተቀምጠዋል። አለቃቸው፣ ጡረታ የወጣ አናጢ፣ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳቸው። ቤቱ ለአንዲት ችግረኛ እናት እንደሚሠራ ተነግሮታል።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ በእሳቸው ትእዛዝ ሆነ። «ይኼ ማገር ጠማማ ነው፤ ንቀለው!» ይላሉ። አስተርጓሚው ይተረጉማል፣ አናጢው ይነቅላል። ቆሎ እየዞሩ ያድላሉ፤ አልበላም ያለውን ይቆጣሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ጭቃ የምትረግጠው ብርነሽ የምትባል ሴት ታዲያ በሳቅ ትፈርሳለች።

በሩ በመንገዱ በኩል ሊወጣ ሲል ግን አሮጊቷ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

«የለም! በሩ ወደ ማዶ ነው የሚዞረው።»

«ማዶ እኮ ካንዲት አሮጌ ጎጆ በቀር ምንም የለም» አለ አናጢው።

«አዙረው ብያለሁ፣ ልጄ!»

የቤቱ ባለቤት ካሉ ምን ይደረጋል ብሎ አዞረው። ብርነሽ ሳቋን በክንዷ ሸፈነች።

በምረቃው ዕለት አናጢው ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ አሮጊቷ ፊት በርከክ አለ።

«ለእኔ ነው እንዴ?» አሉ ደንግጠው። «ኧረ ለብርነሽ ስጣት! ቤቱ የሷና የልጆቿ አይደለም ወይ?»

አናጢው ከተንበረከከበት ቀና አለ። «እርስዎስ?»

«እኔማ ቤት አለኝ» አሉና በአዲሱ በር በኩል ወደ ማዶዋ ጎጆ ጠቆሙ። «ጠዋት በሬን ስከፍት ደህና አደርሽ የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት።»