የጊፋታው ቅቤ

ዓመለወርቅ በሩን ያንኳኳችው ከፍታው ከገባች በኋላ ነው። በገዛ ግቢዋ ለተከራይ በር ማንኳኳት ደንቧ አይደለም። ለክፉም አልመጣችም፤ የቅቤ ዕቁብ ሴቶች ሳሎኑን ሞልተውት ኩባያ አንሷት፣ ከተከራይዋ ከኢየሩሳሌም ልትዋስ ነበር።

ኢየሩሳሌም ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ውሃ የሞላ ብርጭቆ፣ በሌላው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለለ ክኒን ይዛለች።

"አሞሻል እንዴ?"

"አላመመኝም፣ ማዘር።"

ዓመለወርቅ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ጋ ስታስመልስ እየሰማች "የሻይ ቤት ምግብ ነው" ብላ አልፋዋለች። አራት የወለደች ሴት! አሁን ሁሉም ነገር ባንዴ ገባት።

"ስንት ወርሽ ነው?"

"ሁለት ሊሞላኝ ነው።"

"አባቱስ?"

"ስልኩ አይሠራም።"

"እንዳትውጪው! ነፍስ ነው እኮ! ኃጢአት ነው፤ ሕግም አለ፤ ለቀበሌ እናገራለሁ፣ ለቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች እናገራለሁ..." ልትነጥቃት እጇን ሰደደች። ኢየሩሳሌም ወደ ግድግዳው ሸሸች፤ ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

"ይንጠቁኝ። ነገ ሌላ አመጣለሁ። ይናገሩ። ከዚያስ? አገር ቤት፣ ቦምቤ፣ አባቴ ጋ በዚህ ሆዴ አልገባም። ስፌት ቤቱ ሕፃን ታቅፎ የሚሰፋ ሰው አይፈልግም። እዚህስ? በር ላይ የጻፉትን አንብቤ አይደል የገባሁት?"

የውጭው በር ላይ ያለው የዓመለወርቅ የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው፦ የሚከራይ ክፍል አለ፤ ልጅ ላለው አይሆንም።

"እሱማ... እሱ ለሌላ ሰው ነው። አንቺ እኮ ልጄ ነሽ።"

"ናዲያንም ልጄ ይሏት ነበር።"

ናዲያ እዚህ ጎን ባለው ክፍል ትኖር የነበረች ቲማቲም ሻጭ ናት። በወለደች በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ የሕፃኑ ለቅሶ ተከራዮቹን ረበሸ ተብሎ እንድትወጣ ተደረገ። ወላይታ ውስጥ አራስ ቅቤ እየበላች፣ ቅቤ እየተቀባች ወራት ትተኛለች እንጂ ደጅ አትወጣም። ዓመለወርቅም የራሷ ልጅ ስትወልድ ሦስት ወር አስተኝታ አብልታታለች። ናዲያን ግን ዝናብ እየጣለ ነው የሸኘቻት። "ጨክኜ አይደለም" እያለች ለብዙ ሰው አስረድታለች፤ ብዙ ሰውም ተስማምቶላታል።

"ፍራሿን ባጃጅ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ" አለች ኢየሩሳሌም። "ያኔ ነው የወሰንኩት መሰለኝ። ገና ሳላረግዝ።"

ከሳሎን ከዕቁቡ ሴቶች አንዷ፣ የማቲ እናት፣ ተጣራች። "አንቺ ዓመለወርቅ! ኩባያ ልትሠሪ ሄድሽ እንዴ? ቅቤሽ ቀለጠ እኮ!"

የዛሬው ዕጣ የዓመለወርቅ ነው። የአሥራ ሁለት ሴት ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ሳፋ ሙሉ ይጠብቃታል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በጊፋታ ቅቤ የታጣበት ቤት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መወሪያ ነው።

"ቀን ቀን ልጁን እኔ እይዝልሻለሁ" አለች ዓመለወርቅ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ከስፌትሽ አትቀሪም። ክፍሉም ያንቺ ነው።"

"ቃል ብቻ ነው፣ ማዘር። ሆዴ ሲገፋ ይረሱታል።" ልጅቷ አታለቅስም፤ ዓመለወርቅን ያስፈራት ይሄ ነው።

ዓመለወርቅ ወጣች። ብርጭቆው ወደ አፍ ሲሄድ በጀርባዋ የምታየው መሰላት፤ ግን ዘብ ቆማ ስንት ቀን ልትጠብቃት ትችላለች? ሳሎን ገብታ ሳፋውን ብድግ አደረገች።

"ወዴት ነው?" አሉ ሴቶቹ።

"ለአራስ።"

"ማን ወለደ?"

"ገና ነው። እኔ ቤት ነው የምትተኛው።"

"ጊፋታን ያለ ቅቤ ልትውይ?" አለች የማቲ እናት፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። ዓመለወርቅ አልመለሰችላትም። አሥራ አንድ ሴት ሰምቷል፤ ከእንግዲህ ቃሏን ብታጥፍ ሶዶ ከተማ አያስኖራትም።

ክፍሉ ስትመለስ ኢየሩሳሌም ከፍራሹ አልተነሳችም። ወረቀቱ ተፈትቷል። ዓመለወርቅ ቶሎ የልጅቷን መዳፍ አየች፤ ክኒኖቹ ገና አሉ።

"ያዢ። ያራስ ቅቤ ነው። እስከ መጋቢት ይቀመጣል፤ የቆየው ይሻላል።" ሳፋውን መሬት አላስቀመጠችውም። ዘርግታላት ቆመች።

ኢየሩሳሌም ቅቤውን አየች። ወደ ግቢው ወጥተው አንገታቸውን ያሰገጉትን ሴቶች አየች። መዳፏን አየች። ከትልቅ ሰው በአንድ እጅ መቀበል ነውር ነው፤ ይህን የሚያህል ሳፋ ደግሞ ቢሞከርም በአንድ እጅ አይያዝም።

መጀመሪያ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወረቀቱን ከነክኒኑ አጠገቡ አኖረች፤ ተነሳችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

"ከሥር ያዢው" አለች ዓመለወርቅ፣ "ይከብዳል።" እሷም አልለቀቀችውም።