የእድሩ ድስት

«ይቅርታ፣ ድምፅዎ አልተመዘገበም» አለ ድስቱ አሁንም፣ በዚያ በሚያበሽቅ ጨዋነቱ።

ወይዘሮ አስካለ በጭልፋ ጎኑን ነረቱት። «አንተ ድስት ነህ ወይስ ዳኛ? ቀባሪው ተመልሷል፤ ከገጠር የመጣው ዘመድ እህል አልቀመሰም!»

እሳት ማንደድ ከቀረ ቆይቷል። አሮጌ ዕቃ ማስቀመጥም ክልክል ነው፤ አምስት ዓመት የሞላው ሁሉ ተሰብስቦ ይቀልጣል። ስንቱን ለቅሶ ያበላው የእድሩ የብረት ድስትም ባለፈው ክረምት በጭብጨባ ተሸኘ። ያን ጊዜ አስካለ «ይኼ እኮ ማንም ቢጥደው ያበስላል» ብለው ቢሟገቱ፣ «እማማ፣ ከዘመኑ ጋር ይራመዱ እንጂ!» ተብሎ ተሳቀባቸው። በድምፅ የሚታዘዘው አዲሱ ድስት በእድሩ ንብረት ያዥ በአቶ ዘለቀ ድምፅ ብቻ ተመዘገበ።

ዛሬ የተቀበሩት አቶ ዘለቀ ናቸው።

«እሺ፣ እኔን መዝግበኛ!»

«የንብረት ያዡ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«እሳቸውንማ አሁን አፈር አልብሰናቸው መጣን፣ አንተ ደንቆሮ!»

የሟቹ ልጅ ሳምራዊት ዓይኗ እንዳበጠ ወደ ማድቤቱ ገባችና ስልኳን አወጣች። «እትዬ አስኩ፣ አባዬ ባለፈው ተዝካር ላይ ሲያዘው ቀርጬዋለሁ» ብላ ከፈተችው።

«ምስር ወጥ ሥራ፣ ለመቶ ሰው!» የአቶ ዘለቀ ጎርናና ድምፅ ከማድቤቱ አልፎ ግቢውን ሞላው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ዘለቀ» አለ ድስቱ፤ ወዲያው መሞቅ ጀመረ።

ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ቀጥ አለ። አስካለ ዘወር ሲሉ፣ የሟቹ ባለቤት ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ በባዶ እግራቸው ወደ ማድቤቱ ይሮጣሉ።

«መጣሁ ዘሌ! መጣሁ!»