ሰው አለኝ ወንበሩ

ሦስተኛውን ቢጎዲን ጠቅልላ ልትሰካ ስትል ያ ዘፈን በሬዲዮ ይጀምራል። ፀጉር ሠሪዋ ጣቢያውን ልትቀይር እጇን ትዘረጋለች፤ ከመስታወቱ ፊት የተቀመጠችው ነርስ ትቀድማታለች።

«ኧረ ተይው! ነፍሴ ነው እኮ።» ጭንቅላቷን ሳታነቃንቅ አብራ ታንጎራጉራለች፦

ብቸኛ ነው ብሎ ያማኛል ሰፈሩ፣
ሰው አለኝ ስገባ፣ ሰው አለኝ ወንበሩ።

«ቆይ ግን፣» ትላለች ነርሷ፣ «ወንበሩ እዚህ ምን አገባው? ለነገሩ ግልጽ ነው። ሌላ አግብቶ ለድሮ ሚስቱ እየነገራት ነው። ሰው አለኝ፣ አርፈሽ ተቀመጪ ነው የሚላት።»

«ወንበር እኮ ሥልጣን ነው፣» ትላለች ቀለም ተቀብታ እስኪይዝላት የምትጠብቀው ልብስ ሰፊ። «ላይ ቤት ሰው አለኝ፣ ማንም አይነካኝም ማለቱ ነው። ባሌ ነው የነገረኝ።»

«ያንቺ ባል ደግሞ እሹሩሩ ውስጥም ፖለቲካ አያጣም!»

ሁለቱ ይሳሳቃሉ። ፀጉር ሠሪዋ አትስቅም። ግጥሙን የጻፈው ሰው ዘጠኝ ዓመት ባሏ እንደነበር እዚህ ቤት ማንም አያውቅም።

በወጉ ተጣልተው እንኳ አልተለያዩም። እሱ ሲጽፍ ሳምንት ሙሉ ዝም ይላል፤ እሷም አንድ ቀን እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ በዚያው ቀረች። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ልቧ አላስችል ብሏት ወደ እሱ ልትመለስ ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተሳፍራ ነበር። መንገድ ላይ የሾፌሩ ሬዲዮ አዲስ ዘፈን አስተዋወቀ፣ የገጣሚውንም ስም ጠራ። በኩራት ጆሮዋን አቀናች። «ሰው አለኝ» ሲል ሰማች። ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ላይ ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች።

«አልሰማችሁትም ሁለታችሁም፣» ይላል ድምፅ ከማድረቂያው ሥር። ተኝተዋል ያሏቸው ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ማድረቂያውን ከራሳቸው ላይ ከፍ ያደርጉታል። «ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ‹ሰው አለኝ ወንበሩ።› ማን አለ? ወንበሩ! ቤቱ ሲገባ ወንበሩ ነው ‹ሰው› ብሎ የሚጠራው። ከወንበር በቀር ሰው ብሎ የሚጠራው የለም።»

«ውይ ቲቸር! ታዲያ ሰው የለውማ!» ትላለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን ሰው አለው? ባዶ ቤት ነው እንጂ፣» ብለው ማድረቂያውን መልሰው ይደፉታል።

«ኧረ ፀጉሬን!» ትጮኻለች ነርሷ። «ነቀልሽው እኮ!»

«ይቅርታ የኔ እህት። አንዴ፣ መጣሁ።»

ፀጉር ሠሪዋ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች። እርጥብ ፎጣዎች ከገመዱ ላይ ተደርድረው ተንጠልጥለዋል። ከመካከላቸው ቆማ ስልኳን አውጥታ የእሱን ቁጥር ትነካለች። ስልኩ ውስጥ በስም አልመዘገበችውም፤ ጣቷ ግን አልረሳውም። ሁለት ጊዜ ይጠራል።

«አቤት?»

«እኔ ነኝ።»

«አወቅሁሽ።»

እንዴት ነህ ልትለው አስባ ነበር። ከአፏ የሚወጣው ሌላ ነው። «ያ ዘፈንህ፣ ‹ሰው አለኝ ወንበሩ› የሚለው። ሰው አለህ ማለት ነው? ወይስ ወንበሩ ነው ‹ሰው› ያለህ?»

በአፍንጫው ይስቃል፤ ይህን ሳቅ በሩቁ ታውቀዋለች።

«ለ‹ሰፈሩ› ቤት የሚመታልኝ ቃል አጥቼ ነው። ‹በሩ› ብል አጠረብኝ። ‹ዳሩ› ብል ምን ትርጉም አለው? ቀና ስል ወንበሩን አየሁት።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ትስቃለች፤ እየሳቀችም አንዱን ፎጣ ስባ ዓይኗ ላይ ትይዘዋለች። ቤት እንዲመታ ብቻ ለተጻፈ ስንኝ ስትል ከአውቶቡስ ወርዳለች። ሦስት ዓመት።

«ምነው ጠየቅሽኝ?» ይላታል።

«ደንበኞቼ ተከራክረው ነው።»

«እ፣ ደንበኞችሽ።»

ደህና ሁን ማለት ያለባት አሁን ነበር። እሱም አይሰናበታትም። ከሳሎኑ ነርሷ «ኧረ ራሴን በግማሹ ትተሽኝ የት ሄድሽ!» እያለች ትጣራለች። በስልኩ ውስጥ ደግሞ፣ ከወዲያ በኩል፣ ቀጭን ፉጨት ይጀምራል። ሻይ ማፍያ ነው። እየጎላ ይሄዳል። ፀጉር ሠሪዋ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች፦ ወንበር ገፍቶ የሚነሣ፣ ወደ ምድጃው የሚራመድ፣ ማፍያውን የሚያወርድ ሰው ይኖር እንደሆነ። ፉጨቱ ይቀጥላል። ማንም አይነሣም።

«ውሃህ ፈላ፣» ትለዋለች።

«ይፍላ።»