ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ

«ዘምዘም! አውቶቡሱ ጎብዬን አልፏል አሉ፤ አንቺ እዚያ ተጎልተሻል!»

የሻረግ በአንድ እጇ ቢላዋ፣ በሌላው ጭልፋ ይዛ በጓሮው በር ጮኸች። ሁለቱ ሴቶች ሮቢት ከተማ ላይ ለመንገደኛ ምግብ የሚሸጡት በሽርክና ነው፤ በአንድ ቤት፣ በሁለት ምድጃ። በቀኝ የክርስቲያን ሥጋ፣ በግራ የእስላም ሥጋ። ጭልፋዎቹ የተገናኙ ቀን ጉድ ፈላ።

ተገናኝተውም ያውቃሉ። ባለፈው የገበያ ቀን የሻረግ በጥድፊያ የራሷን ጭልፋ ዘምዘም ድስት ውስጥ ነከረችው። ዘምዘም አልተቆጣችም፤ ወጡን አንስታ ሌላ ሠራች። ወሬው ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ ዋጃ ደረሰ። ዛሬ ከተደገመ ደጃቸውን የሚረግጥ የለም።

ዘምዘም የአስር ሶላቷን ከጨረሰች ቆይታለች። ምንጣፏ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች፤ ምንም አትሠራም። የሻረግን የሚያሳብዳት ይሄ ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ እንደ እንዝርት እየሾረ እንዴት መሀል ላይ ቁጭ ይላል?

«ነይ እስቲ» አለች ዘምዘም ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ወጡስ?»

«ወጡማ ደርሷል። ይልቅ እጅሽን እይው።»

አየችው። ቢላዋውን እንደጨበጠ ነው። እየተነጫነጨች የያዘችውን አስቀምጣ አጠገቧ ዘፍ አለች።

«ምን ልበል? የናንተን ጸሎት አላውቅ።»

«ጸሎቱን ጨርሻለሁ፤ ይሄ ዝም ማለት ብቻ ነው። ተንፍሺ።»

መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ልብ ነው፤ ድው ድው ይላል። ቀጥሎ በርበሬው፣ እንጀራው፣ እንስራው ሁሉ በየተራ እየመጡ ጨቀጨቋት። መልስ ስትነፍጋቸው ሄዱ። ከዚያ ከጓሮው ማዶ የማሽላው ቅጠል ሲንሿሿ ሰማች። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖራ ሰምታው አታውቅም። ደስ አላት፤ እንዲሁ ደስ አላት።

የአውቶቡሱ ጡሩንባ ሲነፋ አልደነገጠችም።

ቤቱ ባንዴ ሞላ። ዘምዘም በር ላይ እንግዳ ስታስታጥብ፣ ሁለቱንም ምድጃ የምታየው የሻረግ ሆነች። ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ከግራው ምድጃ ፊት ቆመው የአንገቷን ማተብ አዩ።

«የእስላሙ የትኛው ነው ልጄ? እዚህ ቤት ተቀላቀለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

የሻረግ ፊቷ ጋለ።

«እውነት ነው አባቴ፤ የቀላቀልሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ቆመው ይዩኝ።»

የራሷን ጭልፋ አስቀመጠች። እጇን ታጠበች። የዘምዘምን ጭልፋ አንስታ ከዘምዘም ድስት ቀስ ብላ ጨልፋ በትሪ አቀረበችላቸው።

ሽማግሌው ትሪውን አዩ፣ እሷን አዩ። መንገደኛው ሁሉ የሳቸውን እጅ ይጠብቃል።

«ቢስሚላህ» አሉና ጎረሱ።