የኡሙልኸይር ክሊም

ዝም በሉ እስኪ... ጠጋ ጠጋ በሉ።

አንተ፣ ጫትህን ወደ ጉንጭህ ገፋ አድርግና ስማ። አንቺ ደግሞ ቲክቶኩን ዝጊው... የትም አይሄድብሽም።

በለጡ ጆሮዋን የጎረቤቷ ግድግዳ ላይ ለጥፋለች።

ጁቡቲ ነው፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚሉት ሰፈር። ወሩ ሐምሌ... ያ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ሰው ፊት ላይ እየተፋ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሰው እንደ ድንች ይቀቀላል።

"ትሰማለህ?" አለችው ባሏን ዘሩን።

"ምኑን?"

"ክሊሟን ነዋ። እምምም ይላል። ቀን ከሌት አታጠፋውም እኮ።"

(ክሊም ማለት ኤሲ ነው... ጁቡቲ ከሆናችሁ ክሊም በሉ፣ ኤሲ ካላችሁ ገና ትናንት የመጣችሁ ትመስላላችሁ።)

ዘሩ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ወደቡ መሪ ሲያዞር ከርሞ የገባ ሰው... የፈለገው እንቅልፍ ነበር።

"ይመቻት። አሁን ተኚ።"

ተኚ? በለጡ? እሷ ትተኛለች?

ግቢው ውስጥ ተከራዩ ብዙ ነው፣ የመብራቱ መስመር ግን ለሁሉም አንድ ነው። የጎረቤቷ የኡሙልኸይር ወንድም ከዱባይ ክሊም ላከላት። ያ ነጭ ሳጥን ውጪ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቀን በለጡ ምሳዋ አልወረደላትም።

ከዚያ ወዲያ የምታየው ሁሉ ክሊም ሆነ...

ኡሙልኸይር መጋረጃዋን ዘግታ ከዋለች... "ብርዱ እንዳይወጣባት ነው።"

ትከሻዋ ላይ ሻሽ ጣል አድርጋ ብቅ ካለች... "አያችኋት? በዚህ ወበቅ በረዳት እኮ።"

ፈገግ ብላ "እንዴት ዋልሽ በለጡዬ" ካለቻት... "ፊቷን እዩት። ሙቀት ያልነካው ሰው ነው እንዲህ የሚስቀው።"

ሰው በሰላምታ ይቀናል? የኛዋ ቀናች።

ዘሩ ከመንገድ ሲገባ... ከ"እንኳን ደህና መጣህ" በፊት ክሊም። እግሩን ሳይታጠብ ክሊም።

"እሷ ከኔ በምን ትበልጣለች?"

"በምንም።"

"ታዲያ ለምን እሷ ይቀዝቅዛት?"

መጨረሻ ላይ የአንገቷን ወርቅ ሸጠችና ገዛች። ደግሞ ትልቁን... ከኡሙልኸይር መብለጥ አለበታ።

የሰቀለው ሰውዬ "እህቴ፣ ይሄ መስመር አይችለውም" ቢላት...

"የሷን ችሎ የኔን የማይችለው የኔ ምን ሆኖ ነው?" ብላ ሸኘችው።

ከፈተችው። ብርዱ ፊቷን ነካት... ዓይኗን ጨፈነች... በደንብ ሳትተነፍስ ድርግም። የግቢው መብራት ጠፋ።

የኡሙልኸይር ባል ነቢል ቆጣሪው ጋ ሄዶ የወረደውን ብሬከር መለሰው።

ደግማ ከፈተች። ደግሞ ወረደ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትከፍት ቆጣሪው ጋ የተቃጠለ ነገር ሸተተ... በቃ፣ መስመሩ ነደደ።

ግቢው ሁሉ ወጣ። ማራገቢያ ቆሟል... እናቶች ልጆቻቸውን በካርቶን ያራግባሉ።

ኡሙልኸይር ግን እየሮጠች ነው። "ነቢል፣ በረዶ... ቶሎ በረዶ ግዛ። የእማማ መድኃኒት ሊበላሽ ነው።"

እማማ ማይሙና ግቢው ጥግ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ስኳር አለባቸው። የሚወጉት ኢንሱሊን እንዲህ ያለ ሙቀት ውስጥ ከዋለ አለቀለት። ፍሪጅ ስለሌላቸው ኡሙልኸይር ጋ ነው የሚቀመጥላቸው።

በለጡ ተከትላት ዘው አለች። ለማገዝ እንዳይመስላችሁ... ክሊሙን ለማየት።

ቤቱ እሳት ነው። ከሷ ቤት ይብሳል።

ቀና አለች... ክሊሙ የመጣበት ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠም።

"ይሄ... አይሠራም እንዴ?"

"ከፍተነው አናውቅም" አለች ኡሙልኸይር መድኃኒቱን አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ እያስቀመጠች። "ከፍሪጁ ጋር መስመሩ አይችለውም አሉን። አከራዩ ደግሞ አልቀይርም አለ። ታዲያ ፍሪጁን እንንቀለው? የሰው ነፍስ አለበት።"

"ያ እምምም የሚለውስ?"

"ፍሪጁ ነዋ። አርጅቶ ነው የሚያቃስተው።"

"ሻሹስ?"

ኡሙልኸይር ሻሹን ከትከሻዋ አንስታ ጨመቀችው። ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

"ነክሬ ነው የምደርበው። አለዚያማ በምን ይዋላል?"

"እና ለምን አትናገሪም?"

"እማማ ከሰሙ 'በኔ የተነሳ ሰው አይቀቀልም' ብለው መድኃኒቱን ይዘው ይሄዳሉ። አታውቂያቸውም?"

በረዶው ደረሰ። መድኃኒቱ ተረፈ። የነደደው መስመርም እንደምንም ተጠጋግኖ መብራት ተመለሰ።

አሁን ግቢው ውስጥ ሁለት የማይከፈት ክሊም ተሰቅሏል። ያ ባሏ ላይ ሲወርድ የኖረው ንዝንዝም አዲስ ሥራ አገኘ... አከራዩ መስመሩን እስኪቀይር በለጡ አትለቀውም። ሰውዬው ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል አሉ።

ወገኖቼ... በለጡ ያን የሙቀት ወቅት ሙሉ የቀናችው በአሮጌ ፍሪጅ ነው።

ተመችቶታል ብለህ የምትቀናበት ሰው፣ ምናልባት ስለሌላው ብሎ ምቾቱን ያጠፋ ይሆናል። መብራትም ሆነ ውሃ ስትከፍት፣ ማን ቤት እንደሚጠፋ ጠይቅ። ያንተ መቀዝቀዝ ምቾት ነው... የእማማ መኖር ግን መብት ነው።

እናንተ ብትሆኑ ክሊማችሁን ዘግታችሁ ዝም ትሉ ነበር? እውነቱን ኮመንት ላይ... ውሸታሞች፣ አውቃችኋለሁ።

"በገንዘቤ ገዝቼ ለምን?" ልትሉ ያሰባችሁ ደግሞ አትድከሙ። በለጡም መስመሩ የነደደ ቀን ከኡሙልኸይር ቤት ስትወጣ፣ ሰው ሲያያት አፍራ "በወርቄ የገዛሁት ነው፣ ብከፍት መብቴ ነው" ብላ ነበር።

ዘሩ ቤታቸው በር ላይ ቆሞ ላቡን በመዳፉ ጠረገና...

"ክሊሙ ያንቺ ነው። መስመሩ የግቢው ነው።"