መጀመሪያ አውርዳት

«ያዢው እንጂ! አብሮ ይዞራል እኮ፤ አጥብቀሽ ያዢ!»

ረቢያ ቁልፉን በሁለት እጇ ጨበጠች። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ የፊት ጎማዎቿ ወልቀዋል። መሀመድአወል በጀርባው ተንጋሎ ከሥር ገብቷል። እሱ የዛገውን ዳዶ ከወዲያ ሲፈታ፣ ብሎኑ አብሮ እንዳይዞር እሷ ከወዲህ መያዝ ነበረባት። ከተፋቱ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም።

ባትመጣ ደስ ባላት። አሮጌዋ የመስክ መኪና ጉድጓድ በነካች ቁጥር ከፊት ቋ ቋ ማለት ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል። ጎባ ያለ አንድ መካኒክ አሞርዛተሩ ነው ብሎ ቀየረ፤ ድምፁ አልጠፋም። ሌላው መሪው ነው አለ። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ብረት ነው፤ ብረቱን የሚያቅፉት ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎቹ፣ አልቀዋል፤ ጫፎቹን የሚይዙት ሊንኮችም ላልተዋል። ይህችን መኪና ግን ከሮቤው አወል በቀር ማንም ባይነካት ይሻላል» አላት። ስሙን ከሰው አፍ መስማቱ ራሱ አንገሸገሻት።

ግን ቅዳሜ መንገድ አለባት። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ወደ ብድሬ ተዛውራለች። የሳነቴን ደጋ አቋርጣ፣ የሐረናን ጫካ ቁልቁል ወርዳ፣ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ኢፍቱን ይዛ ትሄዳለች። ቃዲው ልጅቷን ለእናቷ ሲሰጥ፣ ለአባቷ ዓርብ ዓርብ ከሰዓትን ፈቅዶለት ነበር። ብድሬ ከተገባ በኋላ ዓርብ የሚባል ነገር አይኖርም። አወልም ይህን ያውቃል።

ዳዶው እየጮኸ ተፈታ። የወለቀው ሊንክ ጫፉ እንደተነቃነቀ ጥርስ ይወዛወዛል።

«ዕቃው እዚህ አይገኝም» አለ አወል ከሥር። «ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። ሁለት ሳምንት፣ ምናልባትም ሦስት።»

ረቢያ ከኋላ ወንበር ላይ ካርቶን አንስታ ዝቅ አለችና ደረቱ ላይ ጣለችለት። «ከሻሸመኔ አስመጥቻለሁ። ሁለት ሊንክ፣ ሁለት ጎሚኒ።»

ካርቶኑን ከፍቶ አንዱን ጎሚኒ በጣቶቹ ጨመቀው። «ኦርጅናል አይደለም።»

«እሰረው።»

«ወላሂ ኦርጅናል አይደለም። ሐረና ላይ...»

«አቦ እሰረው አልኩህ! የምትለውን ሁሉ አውቄው ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል «ያዢ»፣ «ልቀቂ» እያላት ሠራ። ነፋሱ ከጋራዡ ጀርባ ካለው የስንዴ ማሳ ገለባ እያመጣ ፊቷ ላይ ይበትናል። አወል የተሰነጣጠቁትን ጎሚኒዎች ቆርጦ ጣለ፤ አዲሶቹን አስገብቶ ማቀፊያቸውን ከደነ፤ ሊንኮቹን ገጠመ። መኪናዋ እንደተንጠለጠለች ረዥሙን ቁልፍ አነሳና ማጥበቅ ጀመረ።

«ቁም!» አለችው።

«ደግሞ ምን?»

«መጀመሪያ አውርዳት። ጎማዎቹን ግጠምና መሬት ትንካ፤ ከዚያ ታጠብቃለህ።»

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ?»

«አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሠራተኞችህ ላይ ስትጮህ ሰምቼሃለሁ። ተንጠልጥላ ከታሰረ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀራል፤ ወር ሳይሞላው ይበጣጠሳል። እንደዚህ አልነበር የምትላቸው?»

እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ አልተሳደበም። ያኔ ገባት። አወል ብዙ ነገር የሚረሳ ሰው ነው፤ የልደት ቀን፣ የሰርግ ጥሪ፣ የገባውን ቃል። ሥራውን ግን ረስቶ አያውቅም።

«ሆን ብለህ ነው» አለች።

ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አወል፣ ሆን ብለህ ነው?»

«አዎ።» ፊቱ ከመኪናዋ ሆድ ሥር አይታይም። «ድምፅ ነው የሚያሰማው እንጂ አደጋ የለውም። ቋ ቋ ማለት ሲጀምርብሽ እዚያ የሚሠራልሽ ስለማታገኚ ትመለሻለሽ። ኢፍቱንም ይዘሽ።»

«ልጄን ጭኜ ሐረናን በምወርድባት መኪና!»

«ኢፍቱን ምንም አይነካትም አልኩሽ! እኔ ልጄ ላይ እንዲህ የማደርግ...»

«እኔ ላይ ግን ይቻላል።»

ተንፏቆ ወጣ። ግንባሩ ላይ ዝገት ተበትኖበታል። «አንቺስ ዓርቤን ስትወስጂብኝ?»

«እኔ ምን ላድርግ? ዝውውሩ ከላይ የመጣ ነው።»

«ውሸታም» አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «መሥሪያ ቤትሽ ያለው ጅሩ ነግሮኛል። ከላይ አልመጣም። ማመልከቻ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። ሁለት ጊዜ።»

ረቢያ ዓይኗን ወደ ወለቁት ጎማዎች መለሰች። እናቷም፣ ቃዲውም፣ ኢፍቱ ራሷም ከላይ የመጣ ትእዛዝ መሆኑን ነበር የሚያውቁት።

አወል መልሷን አልጠበቀም። ጎማዎቹን እያንከባለለ አምጥቶ ገጠመ። ክሪኩን ለቀቀው፤ መኪናዋ ቀስ ብላ ወርዳ ተቀመጠች። በጠባቡ ቦታ ደረቱ ብረቱን እየታከከ እንደገና ከሥር ገባ። እሷም ሳይነግራት ተንበርክካ ቁልፉን ያዘችለት። በቀኝ በኩል አጠበቀ፤ በግራ በኩል አጠበቀ፤ ሁሉንም ዳዶ እየዞረ ደግሞ ነካካ።

«ሂጂ» አለ ሲጨርስ፤ ወደ ውሃው በርሜል ሄዶ እጁን መታጠብ ጀመረ። ዞር ብሎም አላያት።

ወደ ጎባ መንገድ ስትገባ መስኮቱን ከፍታ ጆሮዋን ቀሰረች። አንዲት የላላች ዳዶ፣ አንዲት ድምፅ ብትሰማ ያን ጊዜውኑ ተመልሳ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ልታዋርደው ቆርጣለች። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሆን ብላ ገባችበት። ዝም። ሁለተኛውን በፍጥነት ገባችበት። ዝም። ከጎኗ የሚያልፍ ሚኒባስ ሹፌር ጥሩምባ እየነፋ በእጁ ምን ሆነሻል አላት።

ሥራው አንድም እንከን አልነበረበትም። ከሁሉም ይበልጥ ያናደዳት ይኸው ነበር። ጥርሷን ነክሳ መሪዋን ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ጠመዘዘች።