ወደ ጎሬ መንገድ የዞረው በረንዳ

ማክ ኮምፒውተር ውስጥ ዊንዶውስ አስገብቶ፣ በዚያ ላይ የቤት ንድፍ የሚሠራ ከባድ ሶፍትዌር የጫነ ሰው ከመቱ እስከ ጋምቤላ ብትፈልጉ ከእኔ ሌላ አታገኙም። ማራገቢያው ሲያጓራ ጎረቤቱ ሁሉ ሄሊኮፕተር ሊያርፍ ነው ብሎ ይወጣል።

የምሥለው ለባለቤቴ ለሰኚ ቃል የገባሁላትን ቤት ነው። ሳልሠራላት ሞተች፤ ቦታው ዛሬም ሣር ነው። በምስል እንኳ ልጨርሰው ብዬ ነው። በሕይወት ሳለች በአንድ ነገር አልተስማማንም። እሷ፣ "በረንዳው ወደ ጎሬ መንገድ ይዙር፤ ከሥራ ስትመጣ ከሩቅ ልይህ" ትላለች። እኔ አቧራውን ፈርቼ ወደ ጓሮ አልኩ። አሁን ከጎሬ ስመለስ የሚያየኝም የለም።

ግትርነቴ ግን አልሞተም፤ ወደ ጓሮ ሣልኩት። ምስሉ ተሠርቶ ሲወጣ በረንዳው መንገዱ ላይ ነው። መለስኩት። ደግሞ ዞረ።

ጎረቤቴን ኩማን ጠርቼ አሳየሁት። "ጋሼ ሸጋው፣ ዊንዶውስ ማክ ውስጥ ሲገባ፣ ሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ በሩ ይጠፋበታል" ብሎ ሳቀብኝ። እኔን! የኢሉባቦርን አንደኛ ባለሙያ!

እያየኝ በረንዳውን እንደገና ወደ ጓሮ አዙሬ፣ ኮምፒውተሩን ምስሉን እንዲያወጣ አዘዝኩት። ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ፦ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ መንገዱን የሚያየው በረንዳ። ኩማ ሳቁን አቆመ።

"ጋሼ፣ ሰው ሥለዋል እንዴ?"

"ቤት ብቻ ነው የሣልኩት።"

"ታዲያ እትዬ ሰኚ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ማንን ነው የሚጠብቁት?"